ድንገተኛ እንቅልፍ ከነጻነት ጉዞዋ ያላስቀራት ሃሪየት ተብማን

ማለዳ ከጀሞ፣ ከለቡና ከመካኒሳ ወደ መሀል አዲስ አበባ በሚጓዙ ታክሲዎችና አውቶቡሶች ውስጥ ጭንቅላቱን በመስኮት ላይ አሳርፎ የሚያንቀላፋ ተሳፋሪ ማየት የተለመደ ነው። በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በሚገኙ ፋብሪካዎች የሌሊት ፈረቃ ሲሰራ ያደረ ሰራተኛ፣ ለፈተና ሲያጠና የነጋበት ተማሪ፣ ለልጆቿ ስንቅ ለማዘጋጀት ከዶሮ ጩኸት በፊት የተነሳች እናት በጉዞ ላይ ቢያንቀላፉ የሚገርም አይደለም። አንድ ሌሊት ጥሩ እንቅልፍ ካገኙ በማግስቱ ነቅተው ይውላሉና።

ሌሊቱን ሙሉ ተኝተው ቢያድሩም ቀን እንቅልፍ የሚጥላቸው ሰዎች ግን አሉ። ማዕድ ላይ፣ ጨዋታ መሀል፣ መማሪያ ክፍል ውስጥ ወይም ጠረጴዛ ላይ እንደተደፉ ሳያስቡት ያሸልባሉ። ጥቂት ደቂቃ ቆይተው ሲነቁ ካቆሙበት ለመቀጠል ይሞክራሉ። አካባቢያቸው እንቅልፋም፣ ሰነፍ፣ ግዴለሽ የሚል ስም ይሰጣቸዋል። አንዳንዱም ችግሩን ከዛርና ከክፉ መንፈስ ጋር ያያይዘዋል። ህክምናው ይህን መሰሉን የእንቅልፍ ህመም ናርኮሌፕሲ ሲል ይጠራዋል።

የዚህ ዓይነቱን ድንገተኛ እንቅልፍ በጭንቅላቷ ተሸክማ ከ70 ዓመት በላይ የኖረች፣ በዚያውም ላይ በርካታ ሰዎችን ከባርነት ያወጣች አንዲት ሴት በታሪክ ትታወሳለች። ይህች ሴት ጥቁር አሜሪካዊቷ ሃሪየት ተብማን ናት።

ሃሪየት የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1822 ገደማ በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት፣ ዶርቼስተር በተባለ አውራጃ ነው። ወላጆቿ ቤን ሮስና ሃሪየት ግሪን ሲያወጡላት የነበረው ስም አራሚንታ ሲሆን ቤተሰቡ በቁልምጫ ሚንቲ ይላት ነበር። እናትና አባቷ ባሪያዎች ስለነበሩ ከዘጠኝ ልጆች አንዷ የሆነችው አራሚንታም በተወለደችበት ዕለት የሰው ንብረት ሆና ተመዘገበች። ለባሪያ ልጅ የልደት ቀን የሚጽፍ ስላልነበር እሷም ትክክለኛ ዕድሜዋን ሳታውቅ ኖራለች።

አምስት ወይም ስድስት ዓመት ሲሞላት አሳዳሪዋ ኤድዋርድ ብሮደስ ለሌሎች ሰዎች ያከራያት ጀመር። በአንድ ቤት ውስጥ ህጻን እንድታባብል ስትመደብ ህጻኑ ሌሊት ባለቀሰ ቁጥር ትገረፍ ነበር። የዚያ ዘመን የአለንጋ ጠባሳ እስከ እርጅናዋ ከአንገቷ አልጠፋም። በሌላ ጊዜ በኩፍኝ ታማ እያለች ረግረግ ውስጥ እየገባች የአውሬ ወጥመድ እንድትጠብቅ ተደርጋ ለሞት ተቃርባ ነበር። የእንቅልፍን ዋጋ ገና በህጻንነቷ የተማረችው በዚህ መንገድ ነው። በዚያ ቤት መንቃት ግዴታ፣ ማንቀላፋት ደግሞ የሚያስቀጣ ጥፋት ነበር።

ህይወቷን ለዘለቄታው የለወጠው አደጋ የደረሰባት ወደ አስራዎቹ ዕድሜዋ ስትገባ ነው። በባክታውን መንደር ወደሚገኝ አንድ ሱቅ ተልካ በሄደችበት ምሽት ከስራው ቦታ ያለፈቃድ የወጣ አንድ ባሪያ በአሰሪው ተደርሶበት ኖሮ ሩጫ ይጀምራል። አሰሪው ከሱቁ ባንኮኒ ላይ ሁለት ፓውንድ፣ ማለትም 900 ግራም ገደማ የሚመዝን የሚዛን ብረት አንስቶ ወረወረ። ብረቱ የሚሸሸውን ሰው ስቶ የልጅቷን ጭንቅላት መታ።

አራሚንታ ደም በደም ሆና ወደተከራየችበት ቤት ተወሰደች። ለባሪያ አልጋ ስላልነበረ በሽመና ዕቃ መቀመጫ ላይ አጋደሟት። ሀኪም ሳያያት ሁለት ቀን ቆይታ ደሟና ላቧ በፊቷ ላይ እየወረደ ወደ እርሻ ስራ ተመለሰች። ጉልበቷ ሲከዳት ወደ ብሮደስ ተመለሰች፤ እሱም ሊሸጣት ገበያ አወጣት። ይሁንና የራስ ቅሏ የተጎዳ፣ በስራ መሀል እንቅልፍ የሚወስዳትን ልጅ በጥቂት ገንዘብ እንኳ የሚገዛ አልተገኘም። በባሪያ ነጋዴዎች ዓይን ዋጋ የሌላት ሆነች።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከባድ ራስ ምታትና ድንገተኛ እንቅልፍ ተለይተዋት አያውቁም። እየተናገረች ወይም እየሰራች ሳለ ዓይኖቿ ይከደናሉ፤ ልትነቃም አትችልም። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ስትነቃ ግን ንግግሯን ካቆመችበት ትቀጥል እንደነበር በህይወት ሳለች ያወቋት ሰዎች መስክረዋል። ከእንቅልፉ ጋር እውን የሚመስሉ ህልሞችና ራእዮች ይመጡባት ነበር። በእምነቷ ጽኑ የነበረችው ሃሪየት እነዚህን ራእዮች ከፈጣሪ የተላኩ መልእክቶች አድርጋ ትቀበላቸው ነበር።

አባቷ ቤን ሮስ በእንጨት ቆረጣ ስራ የተካነ ሰው ነበር። ልጁም ጤናዋ በተወሰነ ደረጃ ሲመለስ ከእሱ ጋር ጫካ ገብታ በሬ መንዳት፣ ግንድ መቁረጥና መጎተት ጀመረች። ቁመቷ አጭር ቢሆንም ጉልበቷ ከወንዶች የማይተናነስ ሆነ። በተጨማሪም ጫካውን፣ ወንዙንና ኮከቡን ማንበብ ተማረች፤ ፊደል ሳትቆጥር ያገኘችው ይህ እውቀት ኋላ ለብዙዎች መዳን ምክንያት ሆኗል። በዓመት ከ50 እስከ 60 ዶላር ለአሳዳሪዋ እየከፈለች በራሷ ጊዜ ሰርታ ለማደር መብት አገኘች፤ ባጠራቀመችው ገንዘብም በሬዎች ገዛች። እንቅልፍ የሚጥላት ሰራተኛ የምትሰራበትን ሰዓት በከፊልም ቢሆን ራሷ መወሰን መቻሏ ቀላል ነገር አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1844 ገደማ ጆን ተብማን የተባለ ነጻ ጥቁር አግብታ ስሟን በእናቷ ስም ሃሪየት አሰኘች። ጋብቻው ግን ከባርነት አላወጣትም። በዘመኑ ህግ መሰረት ልጅ ብትወልድ ልጁም የብሮደስ ንብረት ይሆን ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1849 ብሮደስ ዕዳ ትቶ ሲሞት ባሪያዎቹ ወደ ደቡብ ሊሸጡ ነው የሚል ወሬ ተሰማ። ከሃሪየት እህቶች ሶስቱ ቀደም ብለው ተሸጠው የት እንደደረሱ ሳይታወቅ ቀርቷል። በዚያው ዓመት መስከረም ወር ከሁለት ወንድሞቿ ጋር ጠፋች። ወንድሞቿ በመንገድ ላይ ፈርተው ሲመለሱ እሷንም ይዘዋት ተመለሱ። ብዙም ሳትቆይ ግን ለብቻዋ እንደገና ወጣች። በሌሊት የሰሜን ኮከብን እየተከተለች፣ ቀን እየተደበቀች፣ ባርነትን የሚቃወሙ ሰዎች ከቤት ወደ ቤት እያስተላለፏት 145 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ ነጻ ወደሆነችው ፔንሲልቫኒያ ገባች።

በየትኛውም ቅጽበት እንቅልፍ ሊጥላት የሚችል ሰው ብቻውን በጫካ ሲሸሽ የሚጠብቀውን አደጋ መገመት አያዳግትም። አዳኝ ውሾችና ባሪያ አሳዳጆች መንገዱን ያስሱ ነበር። ለነጻነት ደረሰች መባሉ ራሱ ብዙ ነው። ሃሪየት ግን በፊላደልፊያ ምግብ በማብሰልና በጽዳት ስራ ጥቂት ገንዘብ እንዳጠራቀመች ሌሎችን ለማውጣት ወደሸሸችበት ምድር ተመለሰች።

የመጀመሪያው ስምሪቷ እ.ኤ.አ. በታህሳስ 1850 የእህቷን ልጅ ኬሳያንና ሁለት ልጆቿን ከጨረታ ሽያጭ ማትረፍ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው የሸሹ ባሪያዎች ህግ ነጻ የሚባሉትን ሰሜናዊ ግዛቶች ጭምር ለሸሺዎች አደገኛ ስላደረጋቸው ሃሪየት መድረሻዋን ካናዳ አደረገች። በኦንታሪዮ የምትገኘው ሴንት ካተሪንስ ከተማ የሰዎቿ መጠለያ ሆነች።

እ.ኤ.አ. እስከ 1860 ባሉት አስር ዓመታት 13 ጊዜ ገደማ ወደ ሜሪላንድ ተመልሳ 70 ያህል ሰዎችን እንዳወጣች የታሪክ ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። መንገዱን አስረድታቸው በራሳቸው ያመለጡ ሌሎችም በርካቶች ናቸው። ቀድሞ በተጻፈ የህይወት ታሪኳ ላይ የ300 ሰዎች ቁጥር መስፈሩ የተጋነነ መሆኑ በኋላ ተደርሶበታል። ከመራቻቸው መካከል ግን አንድም ሰው እንዳልተያዘባት የታመነ ነው።

ስምሪቶቿ በጥንቃቄ የታቀዱ ነበሩ። ሌሊቱ ረጅም የሚሆንበትንና ሰው ከቤት የማይወጣበትን የክረምት ብርድ ትመርጥ ነበር። የጠፋ ባሪያ ማስታወቂያ ከሰኞ በፊት በጋዜጣ ስለማይወጣ ጉዞው ቅዳሜ ማታ ይጀመራል። ህጻናት አልቅሰው እንዳያጋልጡ የሚያስተኛ መድሃኒት ይሰጣቸዋል። ተስፋ ቆርጦ ልመለስ የሚል ቢኖር ሁሉንም ያስይዛልና ሽጉጥ ትይዝ ነበር። በዊልሚንግተን የብረት ነጋዴው ቶማስ ጋሬት፣ በፊላደልፊያ ደግሞ ዊልያም ስቲል ተቀብለው ያስተላልፉላት ነበር።

ለእንቅልፏ ግን እቅድ ማውጣት አይቻልም ነበር። ሸሺዎቹን እየመራች ባለችበት መንገድ ላይ እንቅልፍ ድንገት ሲጥላት ተከታዮቿ በዙሪያዋ ቁጭ ብለው ከመጠበቅ በቀር ምርጫ አልነበራቸውም። መንገዱን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ከኋላ አሳዳጅ እየመጣ፣ የተኛች መሪያቸውን ሳይተዉ መጠበቃቸው የነበራቸውን መተማመን ያሳያል። ስትነቃ የምትሄድበትን አቅጣጫ ሳታመነታ ትጠቁም ነበር። አንዳንዴም በእንቅልፏ ያየችውን ህልም እንደማስጠንቀቂያ ቆጥራ መንገድ ታስቀይራለች። ሰዎቹ ይህንን ከሰማይ የተሰጠ ጥበቃ አድርገው ወስደውታል። የዛሬ አንባቢ በሌላ መንገድ ሊረዳው ይችላል፤ ህመሟን ሳትደብቅ የመራቻቸውና ህመሟን አውቀው የተከተሏት ሰዎች ታሪክ ግን በሁለቱም በኩል ያው ነው።

ችሎታዋን ዝቅ አድርገው የሚያዩዋትም እንኳ ጠቅመዋታል። ጎንበስ ብላ የምትሄድ፣ የምታንቀላፋና ፊደል የማታውቅ ሴት የሸሺዎች መሪ ናት ብሎ የሚጠረጥር አልነበረም። አንድ ጊዜ በምታውቀው ከተማ ዶሮዎች ይዛ ስትሄድ የቀድሞ አሰሪዋ ከፊት ለፊቷ ሲመጣ ዶሮዎቹን አስደንግጣ ከለቀቀች በኋላ እነሱን ለመያዝ በመሯሯጥ ፊቷን እንደሰወረች ይተረካል።

እ.ኤ.አ. በ1857 ያረጁ ወላጆቿን ከሜሪላንድ አወጣች። ከሁለት ዓመት በኋላም በኒውዮርክ ግዛት ኦበርን ከተማ ቤትና መሬት ከፖለቲከኛው ዊልያም ሲዋርድ በዱቤ ገዝታ ቤተሰቧን አሰፈረች። ባሏ ጆን ተብማን ግን ቀደም ሲል ልትወስደው ስትመለስ ሌላ ሚስት አግብቶ አግኝታዋለች። ሃዘኗን ውጣ በዚያው ጉዞ መሄድ የሚፈልጉ ሌሎች ሰዎችን ይዛ ወጣች።

የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሳ ሃሪየት እ.ኤ.አ. በ1862 ወደ ደቡብ ካሮላይና ተልካ በነርስነት፣ በወጥ ቤት ሰራተኛነትና በሰላይነት አገለገለች። በተቅማጥ የሚሰቃዩ ወታደሮችን ከስራስር በቀመመችው መድሃኒት ታክም ነበር። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2 ቀን 1863 ከኮሎኔል ጄምስ ሞንትጎመሪና ከጥቁር ወታደሮች ጋር በኮምባሂ ወንዝ ላይ በተካሄደው ዘመቻ ቀደም ብላ በሰበሰበችው መረጃ ጀልባዎቹን መርታ ከ700 በላይ ሰዎች በአንድ ሌሊት ከባርነት ወጡ። ለጦርነት አገልግሎቷ በጠቅላላው ያገኘችው ክፍያ ግን 200 ዶላር ገደማ ብቻ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ የነበራት ኑሮ በድህነት የተሞላ ነው። ከአገልግሎት ስትመለስ በባቡር ላይ ቦታሽን ልቀቂ በሚል ጎትተው ሲያስወጧት ክንዷ ተሰብሯል። እ.ኤ.አ. በ1869 ኔልሰን ዴቪስ የተባለ የቀድሞ ወታደር አገባች፤ እሱም በ1888 ሞተባት። መንግስት በ1895 በባሏ ሞት ምክንያት በወር ስምንት ዶላር ጡረታ ፈቀደላት፤ በ1899 ደግሞ ነርስነቷ ታስቦ ወደ 20 ዶላር ከፍ አለ። ባገኘችው ገንዘብ ሁሉ ደሃ ታበላ ስለነበር እጇ ላይ የሚቆይ አልነበረም።

በ1890ዎቹ መጨረሻ የጭንቅላቷ ህመም በረታ። የዕድሜ ልክ ችግሯ መልኩን ለውጦ በራስ ቅሏ ውስጥ ያለው ህመምና ጩኸት ሌሊት እንቅልፍ ይነሳት ጀመር። ቦስተን ወደሚገኘው ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ገብታ የራስ ቅሏ እንዲከፈት ጠየቀች። ማደንዘዣ አልቀበልም ብላ፣ በጦር ሜዳ እንዳየቻቸው ወታደሮች ጥይት በጥርሷ ነክሳ ቀዶ ህክምናውን እንዳሳለፈች ራሷ ተርካለች። ከዚያ በኋላ እረፍት ማግኘቷንም ተናግራለች።

ሃሪየት ለሴቶች የመምረጥ መብትም ታግላለች። እ.ኤ.አ. በ1896 በዋሽንግተን በተመሰረተው የጥቁር ሴቶች ብሄራዊ ማህበር ጉባኤ ላይ ከተናገሩት አንዷ ነበረች። ያ ዓመት ኢትዮጵያውያን የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም በአድዋ ላይ የጣሊያንን ወራሪ ጦር ድል ያደረጉበት ነው። በሁለት የዓለም ጫፍ ጥቁር ህዝቦች ለነጻነታቸው ድምጻቸውን ያሰሙበት ዓመት መሆኑ ነው። ባርነት በኢትዮጵያም ለረጅም ዘመን ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1942 በወጣ አዋጅ በህግ የተከለከለ በመሆኑ የሃሪየት ታሪክ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም።

በኦበርን በገዛችው መሬት ላይ ለአረጋውያን የሚሆን መጠለያ እ.ኤ.አ. በ1908 ተከፈተ። ኋላ እሷም አቅሟ ሲደክም በዚያው ቤት ተጦረች። እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 1913 በሳንባ ምች ህይወቷ አልፎ በፎርት ሂል መቃብር በወታደራዊ ክብር ተቀበረች። ከ111 ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በህዳር 2024፣ የትውልድ ግዛቷ ሜሪላንድ የብሄራዊ ዘብ ብርጋዴር ጄኔራልነት ማዕረግ ሰጥታታለች።

ለመሆኑ የሃሪየት ህመም ምን ነበር? በዘመኑ ምርመራ ስላልተደረገላት ዛሬ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። አንዳንድ ጸሃፊዎች ናርኮሌፕሲ ሲሉት፣ ሌሎች ጭንቅላቷ ላይ በደረሰው ጉዳት የተነሳ ከአንጎል ጎን ክፍል የሚመነጭ የሚጥል በሽታ ነው ይላሉ። ናርኮሌፕሲ የሚለውን ስም ፈረንሳዊው ሀኪም ዣን ባቲስት ኤድዋርድ ጀሊኖ ያወጣለት እ.ኤ.አ. በ1880 ሲሆን በዚያን ጊዜ ሃሪየት የሃምሳ ስምንት ዓመት ገደማ ሴት ነበረች። ስም የሌለውን ህመም ከአርባ ዓመት በላይ ተሸክማለች ማለት ነው።

ሳይንስ የህመሙን ምንጭ ያገኘው ከዚያ ብዙ ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ተመራማሪዎች በአንጎል ውስጥ ንቃትን የሚጠብቅ ሃይፖክሬቲን ወይም ኦሬክሲን የተባለ ንጥረ ነገር ለዩ። ከሁለት ዓመት በኋላም ይህን ንጥረ ነገር የሚያመነጩት ህዋሳት በአብዛኞቹ የናርኮሌፕሲ ህሙማን አንጎል ውስጥ እንደጠፉ ታወቀ። ህመሙ ከሁለት ሺህ ሰዎች አንዱን ገደማ እንደሚያጠቃ ይገመታል። ከቀን እንቅልፉ በተጨማሪ ሰውየው ሲስቅ ወይም ሲደነግጥ ጡንቻው በድንገት የሚዝልበት፣ ሊተኛ ወይም ሊነቃ ሲል እውን የሚመስል ነገር የሚያይበት ሁኔታ ይከሰታል። ጭንቅላት ላይ የሚደርስ ከባድ ጉዳትም ተመሳሳይ የቀን እንቅልፍ ሊያስከትል ይችላል።

ህመሙን ጨርሶ የሚያድን መድሃኒት ባይኖርም ኑሮን የሚያቀሉ መድሃኒቶች አሉ። በተወሰነ ሰዓት መተኛትና መነሳት፣ ቀን ላይ አጫጭር እረፍት መውሰድም ይረዳል። እንቅልፉ ካልተቆጣጠሩት በቀር መኪና መንዳትና ከአደገኛ ማሽን ጋር መስራት ተገቢ አይደለም። በኢትዮጵያ የነርቭ ህክምና ስፔሻሊቲ ስልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ዘርፉ ወጣት በመሆኑ ችግሩ ያለበት ሰው ሀኪም ፊት ከመቅረቡ በፊት ስንፍናው ሲወራለት ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ።

በጎፋ ወይም በላፍቶ በአንድ መማሪያ ክፍል የኋላ ወንበር ላይ በየቀኑ የሚያሸልብ ልጅ ቢኖር ከቁጣ በፊት ጥያቄ ሊቀርብለት ይገባል። ሌሊት ይተኛ እንደሆነ፣ ጭንቅላቱን ተመቶ ያውቅ እንደሆነ፣ ሲስቅ ጉልበቱ ይከዳው እንደሆነ መጠየቅ ለመምህርም ለወላጅም ከባድ አይደለም። ሃሪየት ተብማንን በገበያ ላይ ያዩዋት ሰዎች እንቅልፏን ብቻ ተመልክተው ዋጋ የላትም ብለው አልፈዋታል። በጫካ የተከተሏት ግን እስክትነቃ ጠብቀዋት ነጻ ወጥተዋል።